ፊያት 124 ስፓይደር ጅማ ውስጥ፦ ከየት ልጀምር?

ሸራ ጣሪያ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት መኪና እጄ ገብቷል። ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር፣ ሁለት በር፣ ባለ ሸራ ጣሪያ። ሂርማታ አካባቢ ካለ አንድ የቡና መጋዘን ጓሮ ነው ያገኘሁት። ባለቤቱ የቡና ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ማንም አልነዳውም። የሸጡልኝ ልጆቻቸው ናቸው። ሊብሬው አለ። የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይገጥማል። የውርስ ወረቀቱ የተሟላ ስለነበር ስም ማዛወሩ አላስቸገረኝም።

አሁን ስለ ሁኔታው። ሞተሩ 1438 ሲሲ ነው፣ የመጀመሪያው ዓይነት። በእጅ አይዞርም፣ ነክሷል። ቀዩ ቀለም ተሰነጣጥቋል። በተላጠበት በኩል ከሥሩ ነጭ ይታያል። ምንጣፉን ሳነሳ በሾፌሩ እግር በኩል መሬቱ ታየኝ። የግራው በር ሲዘጋ ከኋላ፣ ከላይ በኩል ይነካል። ወደ ላይ አንስቼ ካልገፋሁት አይገባም። ሸራው ተቀዷል፤ አጽሙ ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል። የዳሽቦርዱ እንጨት ተሰንጥቋል። ከአራቱ ጎማዎች ሁለቱ የላዳ ቸርኬ ላይ ናቸው።

ለሁለት ባለሙያ አሳየሁት። የቦዲ ሠራተኛው “ላሜራ እንለጥፍበት፣ ስቱኮ እንምታው፣ ቀብተን በቶሎ እናስረክብህ” አለኝ። መካኒኩ ደግሞ “የኮሮላ ዲኤክስ ሞተር አስገባበትና ተገላገል” አለ። እኔ ግን ፊያት ሆኖ እንዲኖር ነው የምፈልገው። የምታውቁ ሰዎች፣ ከየት ልጀምር?

---

አጂፕ ሰፈር (ጅማ)

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ! ያን መኪና ልጅ ሆኜ መንገድ ላይ አይቼዋለሁ። ያኔ ይነዳ ነበር።

እኔ ከመካኒኩ ጋር ነኝ። የኮሮላ ዲኤክስ ሞተር ማንም ይሠራዋል። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ)፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው)፣ የውሃ ፖምፓው የትም ሱቅ አለ። የኋላ ጎማ የሚገፋ ስለሆነም አቀማመጡ ይመቻል። የፊያቱ ሞተር ግን አንድ ጓርኒሲዮን ሲጠፋ መኪናው ድጋሚ ዓመት ይቆማል። መኪና ለመንዳት ነው።

---

ፍሪሲዮን (ጅማ)

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ዕድሜዬን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነው የኖርኩት፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ ስለ ግራው በር የጻፍከው ነው። ሞተሩም ቀለሙም ገና ናቸው።

ጣሪያ ያለው መኪና ሸክሙ ይከፋፈላል። ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው አብረው ይሸከማሉ። ስፓይደር ጣሪያ የለውም። ሸክሙ ሁሉ ያለው ወለሉና ከበሮቹ ሥር የሚያልፉት ሁለት የሳጥን ብረቶች ላይ ነው። እነሱ ሲበሰብሱ መኪናው መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ሲጎብጥ የበሩ ክፍተት ከላይ በኩል ይጠብባል። በርህ እዚያ የሚነካው ለዚህ ይመስለኛል።

ግን የማጠፊያው ፒን አልቆም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንለይ። በሩን ከፍተህ ጫፉን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው። ከተንገዳገደ ፒኑ ነው። ጥብቅ ከሆነ በሩን ዝጋና የኋላውን ክፍተት ከላይም ከታችም ለካ። ከዚያ መኪናውን ከፊት በኩል፣ ከሱስፔንሽኑ መስቀለኛ ብረት ሥር በክሪክ አንሳና እንደገና ለካ። ደህና መኪና ላይ ለውጡ ለዓይን አይታይም። የበሰበሰ ከሆነ ክፍተቱ ሲጠብ ታየዋለህ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን አትግባ፤ ማቆሚያ ይኑርህ።

ሌላው ማግኔት ነው። በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ ሥር፣ የኋላ ጎማ ዙሪያና ፓራፋንጎው ላይ አስኪደው። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ኮፋኖውንም ክፈትና የፊት ሾክ አብዞርበር የሚታሰርባቸውን ሁለት ማማዎች ከላይም ከጎማው በኩልም እያቸው። በዚህ መኪና ዋናው የዝገት ቦታ እነሱ ናቸው። እነሱ ከሄዱ የፊት እግሩ የሚይዘው ነገር የለም።

ይህን ሳታይ ቀለም የሚቀባልህን ሰው አመስግነህ ሸኘው። የእኛ ከተማ ዝናብ አይምርም። የተለጠፈ ላሜራ በሁለቱ መሃል ውሃ ይይዛል፣ ስቱኮውም ከሥሩ ይነሳል። የምትከፍለው ሁለቴ ነው።

---

ሸራ ጣሪያ

ጋሼ፣ ገለቶማ (አመሰግናለሁ)። ዛሬ ሞከርኩት። ማጠፊያው ጥብቅ ነው። መኪናው ሲነሳ ግን የግራው በር ክፍተት ከላይ ጠበበና ነካ። የቀኙም ትንሽ ጠበበ። ማግኔቱ ከግራው በር ሥር ከግማሽ በላይ አይዝም። የፊት ማማዎቹ የቀኙ ደህና ነው፤ የግራው ከጎማው በኩል ዝገት ጀምሮታል፣ በካቻቢቴ ስወጋው ግን አልተበሳም።

እንግዲህ ከብረቱ ልጀምር። ጥያቄዬ ስለ ብየዳው ነው። ማን ይሠራዋል? እንዴት ይሠራል?

---

ብረትና እሳት (ጅማ፣ ቂጦ ፉርዲሳ)

ሰላም ሸራ ጣሪያ። ብየዳ አስተምራለሁ፤ እዚህ ነገር ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ጋሼ ፍሪሲዮን ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ብዙ መኪና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ያ የሳጥን ብረት በስብሶም ቢሆን ዛሬ መኪናውን ይዞ የቆመው እሱ ነው። ሳትደግፈው ከቆረጥከው መኪናው የባሰ ይጎብጣል። አዲሱን ብረት የጎበጠው ላይ ከበየድክ ደግሞ ጉብጠቱን ለዘላለም አሰርከው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሩን የሚያስተካክል ኃይል የለም።

ስለዚህ ከማንኛውም ቆረጣ በፊት መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ ከአራቱም በኩል በማቆሚያ ደግፉት። ማቆሚያው ጤነኛ ብረት ሥር ይሁን። መሃሉን ቀስ ብላችሁ በክሪክ እያነሳችሁ ሁለቱም የበር ክፍተቶች ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆኑ አስተካክሉ። ያን ጊዜ በቱቦላሬ (በቱቦ ብረት) እሰሩት። አንዱ ከፊት ማጠፊያው ምሰሶ እስከ ኋላ የበሩ ቁልፍ ምሰሶ፣ በሁለቱም በኩል። አንዱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ። ቱቦላሬው በሩን ሳይነካ ወደ ውስጥ ገባ ይበል፤ በሩ እየተከፈተና እየተዘጋ መለካት አለበትና። የመቀመጫውን ብሎኖችም ለማሰሪያ መጠቀም ይቻላል።

ከዚያ አንድ ጎን ብቻ ቁረጡ። እሱን ሳትጨርሱ ሌላውን እንዳትነኩ። ያ ሳጥን አንድ ላሜራ ብቻ አይደለም። የውጭ፣ የውስጥና መካከል ላይ የሚያጠነክረው አለው። የውጪውን ብቻ ቀይሮ ውስጡን የሚተው ሰው መኪናውን አላደሰም፣ ሸፍኖታል። በየእርምጃው በሩን ዝጉና ክፍተቱን እዩ።

ብየዳው በሲኦቱ (በጋዝ እየተሸፈነ በሽቦ የሚበየደው) ይሁን። የኤሌክትሮድ ብየዳ ለቀጭን ላሜራ አይሆንም፣ ይበሳዋል። የኦክስጅን ብየዳ ጥሩ እጅ ካለ ይሠራል፤ ግን ሙቀቱ ሰፊ ስለሆነ ላሜራውን ያጣምመዋል። ቀጭን ሽቦ፣ 0.6 ወይም 0.8። ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለላችሁ፣ እየቀዘቀዘ። በአንድ ትንፋሽ መስመር መጎተት የለም።

አንድ ነገር ለጤናህ። ዝገት እንዳይነካው ብሎ ዚንክ የተቀባ ላሜራ የሚያመጣ አለ። ከተጠቀማችሁ ብየዳው የሚያርፍበትን ጠርዝ ዚንኩን ፍቃችሁ አንሱ። ጭሱ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ወተት ጠጣበት የሚባለው ጭሱን አይከላከልም። የሚከላከለው አየር የሚገባበት ቦታና ትክክለኛ ጭምብል ነው።

---

ከሰኮሩ ማዶ

እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ግን በየቀኑ ይህን ክር እየከፈትኩ ነው። ሸራ ጣሪያ፣ ፎቶ እባክህ ቶሎ ቶሎ ጫንልን።

---

ላዳ 21 (አዲስ አበባ)

ስለ ላዳ ቸርኬው ልመልስ። ለብዙ ዓመት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነበረኝ። ላዳ ከየት እንደመጣ ሁሉም ሹፌር አያውቅም። ፊያት በ1966 (እ.ኤ.አ.) ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋዋለ። ቶሊያቲ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ተሠራ፤ በ1970 ላዳ 2101 መውጣት ጀመረ። መነሻው የፊያት 124 ሴዳን ነው። የአንተ ስፓይደርም የተሠራው ከዚያው 124 ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው።

ስለዚህ ቸርኬው ይገጥማል። ሁለቱም አራት ብሎን ናቸው፣ የብሎኖቹ ክብ በሁለቱም 98 ሚሊ ሜትር ነው። የብሎኑ ጥርስም አንድ ነው። ግን ሁለት ላዳ፣ ሁለት ፊያት አድርገህ አትንዳ። ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ ስለሚለያይ አራቱንም አንድ ዓይነት አድርግ።

ዘመድ ናቸው ማለት ግን ሁሉም ዕቃ ይገባል ማለት አይደለም። ሩሲያኖቹ ለራሳቸው መንገድ ብለው ብዙ ነገር ቀይረዋል። ሞተሩ ሌላ ነው። የኋላ ፍሬኑን ከዲስክ ወደ ታምቡር ለውጠዋል። ካምቢዮው አራት ማርሽ ነው፤ የአንተ አምስት መሆን አለበት። የፊት እግር ዕቃ፣ የመሪ ዘንግ፣ ኩሽኔት የምትፈልግ ከሆነ አሮጌውን ይዘህ ሂድና በካሊፐር ለክተህ ግዛ። ላዳ ስለሆነ ይገጥማል ያለህን ባለ ሱቅ ዝም ብለህ አትመን።

---

ቶሪኖ ያለሁ (ጣሊያን)

ሰላም የጅማ ልጆች። ጅማ ተወልጄ አሁን የምኖረው ይህ መኪና በተወለደበት ከተማ ነው። የክሩን ርዕስ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ስፓይደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ ቶሪኖ አውቶሞቢል ትርዒት ላይ ነው፣ በ1966። ቅርጹን የሠራው ፒኒንፋሪና የሚባለው ድርጅት ነው፤ የነደፈው ቶም ቻርዳ የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር። ሞተሩ ደግሞ የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ላምፕሬዲ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት የፌራሪን ሞተሮች ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። የተራውን 124 ሞተር ወስዶ ከላይ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) በሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) አለበሰው። በ1972 ይህ መኪና በአባርዝ (የፊያት የውድድር ክፍል) እጅ ተሻሽሎ የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና አሸንፏል።

አጂፕ ሰፈር፣ ወንድሜ፣ አሳብህ ይገባኛል። ግን እየው። የዲኤክሱ ሞተር 1290 ሲሲ፣ በፑሽሮድ (ቫልቩን በዘንግ ገፍቶ) የሚሠራ ነው። ጥሩ ታታሪ ሞተር ነው። የስፓይደሩ 1438 ሲሲ ሆኖ 90 ፈረስ ጉልበት ነበረው። አውጥቶ ያንን ማስገባት የመኪናውን ልብ መንቀል ነው። ዕቃ ደግሞ አለ። ወደ 200,000 የሚጠጋ ስፓይደር ተሠርቷል፤ አብዛኛው የተሸጠው አሜሪካ ነው። ስለዚህ አሜሪካም፣ ጀርመንም፣ እዚህም ለዚህ መኪና ብቻ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ጓርኒሲዮን፣ ችንጋ፣ የፍሬን ጎማ፣ የካርቡሬተር መጠገኛ ቀላል ነገር ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ደግሞም እንዲህ ያለ መኪና ከውጭ ማስገባት አሁን አይቻልም። መንግሥት በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። አገር ውስጥ ያሉት ናቸው ያሉን። እነሱን እየነቀልን ከጨረስናቸው ሌላ አይመጣም።

---

አጂፕ ሰፈር

ቶሪኖ፣ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ለሌለው ሰው ስናወራ ነገሩ ሌላ ነው። ለሁሉም ሰው መንገዱ አንድ አይደለም። ግን ሸራ ጣሪያ ሞተሩን ሊያቆየው ከፈለገ አልከራከርም። እንዲያውም የቶርኖ ሥራ ካስፈለገው ጥሩ እጅ ያለው ሰው አሳየዋለሁ።

---

ፍሪሲዮን

አጂፕ ሰፈር፣ ጥሩ አልክ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩ ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር እሱም መታረም አለበት። ይህም ይታሰብበት።

ልጄ፣ ብረቱ እስኪያልቅ ሞተሩን በትዕግሥት እናላቀዋለን። ካንዴላዎቹን አውጣ። በየቀዳዳው ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለህ ትንሽ ትንሽ ጨምር። ይቀመጥ። በየጊዜው ጨምርበት። ለማዞር ስትሞክር ከክራንክሻፍቱ ብሎን ላይ በረጅም መፍቻ፣ በሞተሩ አዟዟር አቅጣጫ፣ ቀስ ብለህ። ካልሄደ አታስገድደው፤ ወደኋላ ትንሽ መልሰህ እንደገና። ከካምሻፍቱ ብሎን ይዘህ ለማዞር ፈጽሞ አትሞክር። ሞቶሪኖም (ማስነሻውን) አትንካ። ሞቶሪኖ ትዕግሥት የለውም፤ ቤላ (የፒስተኑን ክንድ) ያጣምማል።

ከዚያ በፊት ግን የታይሚንግ ችንጋውን ሽፋን አውልቅና እየው። ላምፕሬዲ ሁለቱን ካምሻፍት ያሰረው በላስቲክ ችንጋ ነው። ጥርሱ ደህና ከሆነ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ጥርሱ ከተሸራረፈ ግን መጀመሪያ ንገረኝ። ካምሻፍቱ ቆሞ ፒስተኑ ብቻ ከሄደ ቫልቭ ይታጠፋል። የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ እርስ በርስም ይጋጫሉ።

---

ሸራ ጣሪያ

የግራው ጎን ተጠናቋል! ብረትና እሳት ራሷ መጥታ አሰራሩን አሳየችን፤ እህቴ ፈጣሪ ይስጥሽ። በሩ አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። የውስጡ ማጠንከሪያ ሙሉ በሙሉ ዱቄት ሆኖ ነበር። የግራውን የፊት ማማም ፍቀን፣ ቀጥኖ የነበረውን ቆርጠን ቀየርነው። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።

ሞተሩም ተንቀሳቀሰ። ጋሼ፣ በትንሹ ሄደ፣ ቆመ፣ መልሼ፣ እንደገና ሄደ። አሁን ሙሉ ዙር ይዞራል። ችንጋው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ጥርሱ ግን አልጎደለም። ሆዴ አላስችል ብሎኛል፤ ላስነሳው?

---

ፍሪሲዮን

አይ ልጄ፣ ገና ነው። ያ ችንጋ ሁለቱን ካምሻፍት ብቻ አይደለም የሚያዞረው። ከጎን ያለውን ረዳት ሻፍትም ያዞራል፤ የዘይት ፖምፓው የሚሠራው በእሱ ነው። ችንጋው ከተበጠሰ ቫልቩም ዘይቱም አንድ ላይ ሄዱ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ብለህ አትመነው፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ችንጋውንና የሚወጥረውን ኩሽኔት አብረህ ቀይር። ቶሪኖ ያለው ልጃችን እነዚህን ያስቀድም።

እስከዚያው ዘይቱን አፍስስ፣ ፊልትሮውን ቀይር። ሳልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) አውርድ፤ የድሮው ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። ሳልባትዮው ቀዳዳ ቢኖረው በያጅ ቤት እንዳትወስደው። ባዶ የቤንዚን ዕቃ ከሙሉው የበለጠ ይፈነዳል። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ጣላቸው። ሞተሩን ስታስነሳ የካንዴላ ሽቦዎቹ ተራ 1-3-4-2 ነው።

---

ላዳ 21

ከመነሳቱ በፊት መቆሙን አረጋግጥ፤ ፍሬኑን ማለቴ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ጅማ አየር ላይ ለዓመታት ከቆመ ውስጡ ውሃ ነው። ፒስተኖቹ ዝገው ይነክሳሉ፣ የጎማ ቱቦዎቹም ከውስጥ ያብጣሉ። አራቱም ዲስክ ስለሆኑ አራቱንም ፍታ።

የኋላዎቹ የእጅ ፍሬን አብሮ አላቸው። ፒስተናቸው በፒንሳ ተገፍቶ አይገባም፤ እየዞረ ነው የሚገባው። በኃይል የሚጫነው መካኒክ ብዙ አይቻለሁ፤ ውስጡን ይሰብረዋል። ይህን ለሚሠራልህ ሰው አስቀድመህ ንገረው።

---

ዋንዛ (ጅማ)

ሰላም። የእንጨት ባለሙያ ነኝ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ነው የምሠራው። ዳሽቦርዱን በፎቶው አየሁት። ይህ ሙሉ እንጨት አይደለም፤ በሥሩ ሌላ ነገር ሆኖ ከላዩ ስስ እንጨት የተለጠፈበት ነው። ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቁበት ሁለቱ አብረው ስለማይሄዱ ይሰነጠቃል።

በዋንዛ ይሠራል። ግን የደረቀ ዋንዛ መሆን አለበት፤ ከዚህ ዝናብ ወጥቶ ቶሎ የተሰነጠቀ እንጨት በኋላ ይጣመማል። እኔ ጋ ለረጅም ጊዜ ጥላ ውስጥ የደረቀ አለ። የመለኪያዎቹ ቀዳዳ ልክ መሆን አለበት፤ ስለዚህ አሮጌውን እንዳትጥለው፣ በእሱ ነው የምቀርጸው። ቀለሙን አላጠቁረውም። ዋንዛ በራሱ መልክ ያምራል።

---

ሸራ ጣሪያ

ዋንዛ፣ ወላሂ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የአንተ መልእክት ነው። በጅማ እጅ፣ በጅማ እንጨት ይሠራል ማለት ነው። እመጣለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ሸራውን ምን ላድርገው? ሁለተኛ፣ ቀለሙ። ነጭ ልመልሰው ወይስ ቀይ ይቅር? የሟቹ ልጅ “አባባ ቀይ ያስቀቡት ራሳቸው ናቸው” አለችኝ።

---

ቶሪኖ ያለሁ

የሸራው አጽም ደህና ከሆነ ዕድለኛ ነህ። የዚህ መኪና ጣሪያ ቀላልነቱ የታወቀ ነው፤ ሹፌሩ ተቀምጦ በአንድ እጅ ይዘጋዋል። የተሰፋው ሸራ ከነኋላ መስኮቱ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ክብደቱ ግን ከፖስታ ይልቅ ለሰው ሻንጣ ይሻላል። እኔ በሚቀጥለው ስመጣ ከችንጋው ጋር ይዤው እመጣለሁ። እርጥብ ሸራ አጥፈህ አታስቀምጥ። ይሻግታል፣ ስፌቱም ይበሰብሳል። ዝናብ ካገኘህ ተዘርግቶ ይድረቅ።

---

ብረትና እሳት

ስለ ቀለሙ አልናገርም፤ ከቀለሙ በፊት ስላለው ነው። አዲሶቹ ሳጥኖች ውስጣቸው ባዶ ብረት ነው። በአንቲረስት ቀብታችሁ ሲደርቅ ወደ ውስጥ ሰም ወይም ወፍራም የዝገት መከላከያ ንፉበት። ከሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ስቱኮም ቀለምም እንዳይደፍናቸው። የመጀመሪያዎቹ የበሰበሱት ተደፍነው ነው፤ ስንቆርጥ ውስጡ የቡና ገለባና ጭቃ ነበር።

ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ካርቡሬተሩን ለጅማ አስተካክሉት። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በፋብሪካው ልክ የተቀመጠ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ደረጃ ማሳነስ ነው። ጉልበቱም ከወረቀቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ያ ብልሽት አይደለም።

---

ከሰኮሩ ማዶ

ቀይ ይሁን! ሰው የሚያውቀው በቀይ ነው።

---

ላዳ 21

እኔ ነጭ እላለሁ። ፋብሪካው የሰጠው ነጭ ነው።

---

ፍሪሲዮን

ልጄ፣ በሁለቱም አልቆጣም። ግን የነዱት እሳቸው ናቸው፤ የመረጡትም ቀይ ነው። እኔ ብሆን ቀይ አደርገው ነበር። በሩን ስትከፍት ከማጠፊያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ቦታ ነጩን ሳይቀባ ተውለት።

ስለ መንገድ ልጨምር። አዲስ አበባ ይዘኸው መሄድ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃሉ ላይ ግቤ አለ። ወንዙ ጋ ወደ 1,100 ሜትር ትወርዳለህ፣ ሙቀት ነው፣ ከዚያ ወዲያው ረጅም ዳገት። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ስለሆነ አንዴ ከፈላ ቴስታታው ይጣመማል። ስለዚህ ራዲያተሩ ተፈትቶ ይጠረግ። ቴርሞስታቱ ይለወጥ። ውሃ ብቻ አትጨምርበት፤ ኩላንት ይሁን፣ ያለዚያ ውስጡን ዝገት ይበላዋል። መጀመሪያ ሰርቦ ድረስ ሂድና ተመለስ። ቀጥሎ አሰንዳቦ። የሙቀት መለኪያው ካልተንቀሳቀሰ ያኔ ስለ ግቤ እናወራለን።

---

አጂፕ ሰፈር

ራዲያተር የሚጠርግ ሰው እኔ ሰፈር አለ። ማክሰኞ ይዘኸው ና፣ አብረን እንሄዳለን።

---

ዋንዛ

ዳሽቦርዱን ሐሙስ ጠዋት አምጣልኝ። መለኪያዎቹን አውጣቸው፣ እንጨቱን ብቻ ነው የምፈልገው። የትኛው ሽቦ የየትኛው መለኪያ እንደሆነ ከማውጣትህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ በየሽቦውም ላይ ወረቀት ለጥፍ።